ከጣሪያ ጣሪያ

አዲስ አበባ፣ ሰሚት ላይ ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ቁልቁል የሚያይ ሰው የሚያገኘው የታወቀ ነው፦ ባጃጅ፣ ጀበና ቡና፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ። ቀና ብሎ ፊት ለፊት የሚያይ ግን ሌላ ሰፈር ያገኛል፤ የጣሪያ ሰፈር። ነዋሪዎቹ ዲሽና ሮቶ ናቸው። ዲሾቹ ድሮ በአንድነት ወደ ምዕራብ ነበር የሚያዩት፤ ናይልሳት ያለው በዚያ ነው። ኢትዮሳት ከመጣ ወዲህ ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አያትና ለገጣፎ አዙረዋል። ሁለት ዲሽ ጀርባ ለጀርባ ያቆመ ቤትም አለ። እዚያ ቤት የአረብ ቻናል ኳስ የማይለቅ ልጅና የአማርኛ ድራማ የማትለቅ እናት አብረው እንደሚኖሩ እገምታለሁ።

ሮቶው ግን ወደ የትም አያይም። ጠቁሮ ቁጭ ብሏል። ሆዱ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንዳለ የሚታወቀው ሲያልቅ ነው።

ውሃ በፈረቃ ነው። ለገዳዲ ግድብ በምሥራቅ በኩል እዚሁ አፍንጫችን ስር ሆኖ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከተማዋን ሲያጠጣ ኖሯል፤ ቅርበቱ ግን ለሰሚትና ለአያት ሰው የተለየ ወረፋ አላስገኘም። ውሃው ሲመጣ ሌሊት ይመጣል፣ መምጣቱን ቀድሞ የሚያውቅ ደግሞ ጥበቃው ነው። «ጋሼ፣ ስንት ቀረን?» ሲባል ደረጃውን ይወጣና ሮቶውን ከላይ ወደ ታች በቡጢ ያንኳኳዋል። ባዶው ያስተጋባል፣ ውሃ የያዘው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ላይ መዳፉን ያሳርፍና «እዚህ ጋ ነው» ይላል። ከአንድ ስንዝር በላይ ሲሳሳት አላየሁም። ባትሪ አይፈልግም፤ ጉልበት ብቻ። ጉልበቱ ግን አራት ፎቅ መውጣት እየሰለቸው መጥቷል።

ይህን ሁሉ የማወራው ይህን ደረጃ መውጣት ሊያስቀር ስለሚችል የረጅም ርቀት ሬዲዮ ሴንሰር ልጽፍ ተቀምጬ ነው።

ነገሩ ሎራ ይባላል። ለጀማሪ የሚሸጠው ቦርድ ርዝመቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ላዩ ላይ ኢኤስፒ32 የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር፣ ከጎኑ ሴምቴክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው የሬዲዮ ቺፕ፣ ከነሱ በላይ አንድ ኢንች የማትሞላ ስክሪን አለች። ሄልቴክና ሊሊጎ የሚባሉት የቻይና አምራቾች በሰፊው ይሠሩታል። ቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ካሉት የስልክና የላፕቶፕ ሱቆች ወደ አንዱ ገብታችሁ ፎቶውን ብታሳዩ የሚመለስላችሁ «ራውተር ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። ስለዚህ ቦርዱ የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው፤ ከጓንዡ ወይም ከዱባይ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ።

ሻንጣ ውስጥ ያለ ሁሉ ግን ካልሲ አይደለም። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም መሣሪያን ያለ ፈቃድ ማስገባትን ወንጀል ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ የፍሪኩዌንሲንም የመሣሪያ ዓይነት ፈቃድንም ጉዳይ በእጁ ሰጥቶታል። ከማዘዝ በፊት እዚያ ሄዶ መጠየቅ ይበጃል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቦሌ ኤርፖርት ቆሞ ለጉምሩክ ሠራተኛ ስለ ሮቶ ማስረዳት ማንንም አያስደስትም።

ስታዝዙ ቁጥር ትጠየቃላችሁ፦ 433፣ 868 ወይስ 915 ሜጋኸርዝ? ቦርዶቹ ላይ ላዩን መንትያ ናቸው። 915 የአሜሪካ ነው። እኛ ዘንድ ሞባይል እ.ኤ.አ. በ1999 ሲገባ ከያዛቸው ፍሪኩዌንሲዎች ጋር ይጋፋል፤ በዚህ ባንድ ስልኮች እስከ 915 ድረስ ይናገራሉ፣ ማማዎቹ ከ925 ጀምሮ ይመልሳሉ። ስለዚህ ከዋሽንግተን የመጣች አክስት በቅን ልቦና የምታመጣው ስጦታ ሰሚት ሲደርስ ከጎረቤት ስልክ ጋር መተናነቅ ነው የሚጠብቀው። ደግነቱ አብዛኛው የ915 ቦርድ በፕሮግራም ወደ 868 ይወርዳል። አብራው የመጣችው አንቴና ግን ለ915 የተለካች ናት፤ እሷን ፕሮግራም አያስረዝማትም። ለ868 የሚስማማው ቀጥ ያለ ሽቦ የሞገዱ ሩብ ነው፣ 8.6 ሳንቲ ሜትር። ለ433 ደግሞ 17.3። በማስመሪያ ለክቶ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ መቁረጥ ይቻላል፣ ከካርቶኑ ከወጣችው ጥቅልል የምትሻልበት ጊዜም ብዙ ነው።

አንቴናው ሳይገጠም ቦርዱ ኃይል አያገኝም። ይህን ብቻ ግድግዳ ላይ ጽፎ መለጠፍ ነው። መውጫ ያጣው ጉልበት ወደመጣበት ይመለሳል፣ ቺፑን ሊያቃጥለው ይችላል። ሲቃጠል ደግሞ ጭስ የለ፣ ሽታ የለ፤ ቦርዱ መብራቱን እያበራ፣ ስክሪኑ ላይ «ተልኳል» እያለ፣ ማንም የማይሰማው ሆኖ ይኖራል። ከእንዲህ ዓይነት ጋር ሳምንት ሙሉ ኮድ እያስተካከለ የሚከርም ሰው አለ።

የሎራ ብልሃት የተወለደው ግሬኖብል፣ ፈረንሳይ ነው። ሳይክሊዮ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ አበጀው፣ ሴምቴክ በ2012 እ.ኤ.አ. ገዛው። ሬዲዮው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ቆሞ አይናገርም፤ ከታች ወደ ላይ እየተንሸራተተ፣ ጫፍ ሲደርስ እንደገና ከታች እየጀመረ ነው የሚናገረው። መንሸራተቱን ማፍጠንም ማዝገምም ይቻላል፤ ከ7 እስከ 12 የሚቆጠሩ ስድስት ደረጃዎች አሉት፣ አንድ ደረጃ በወጣ ቁጥር መልእክቱ አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ እጥፍ ገደማ ይሆናል። መንዝ ወይም ጎጃም ገደል አፋፍ ላይ ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን የለበትም። ከማዶ ያለ ዘመድ ሲጠራ ስሙ ይጎተታል፣ ይረዝማል፣ ቃሉ ያጥራል። ከገደል ማዶ ለማዶ ተረት የሚያወራ የለም፤ «ላሟ ወልዳለች፣ ና!» ይባላል፣ በቃ። ሎራም እንዲሁ ነው። በ7ኛው ደረጃ አጭር መልእክት የሰከንድ ሃያኛ ያህል ይፈጅበታል፤ በ12ኛው ከአንድ ሰከንድ በላይ። በዚህ በመጨረሻው ደረጃ ከጫጫታው መቶ እጥፍ የደከመ መልእክት እንኳ ተለይቶ ይሰማል።

ጀማሪን የሚያስደነግጠው እዚህ ላይ የሚመጣው የመቀነስ ምልክት ነው። ተቀባዩ ስክሪን ላይ የሲግናል ጥንካሬ ከዜሮ በታች 110 ዲቢኤም፣ ከጫጫታው ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ከዜሮ በታች 8 ዲሲቤል ብሎ ይጽፋል። ከዜሮ በታች ሁለቴ! የዲሽ ሠራተኛ ይህን ቢያይ መሰላሉን ሰብስቦ ይሄዳል፤ በሱ ሙያ ጫጫታው ከሲግናሉ በላይ ከሆነ ሥዕል የለም። በሎራ ግን ይህ የደህና ቀን ቁጥር ነው። በነገራችን ላይ በዚህ ሰፈር ለዚህ ሥራ ከኮምፒውተር ምሩቅ ይልቅ የዲሽ ሠራተኛን እመርጣለሁ። ጣሪያ መውጣት አይፈራም፣ ግንብ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፣ የክረምት ውሃ በኬብል ጫፍ እንዴት እንደሚገባ አይቷል። የሚለምደው ነገር ቢኖር አንቴናው ወደ አንድ አቅጣጫ ማየት እንደሌለበት ነው። የሁለቱም ቦርዶች አንቴና ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በየአቅጣጫው ይናገራል። አንዱ ቆሞ ሌላው ከተኛ ይደካከማሉ።

ሁለት ቦርድ አልኩ። ይህ የኔ ጥብቅ ምክር ነው፦ አንድ አትግዙ። አምስተርዳም ውስጥ በ2015 እ.ኤ.አ. ዘ ቲንግስ ኔትወርክ የሚባለውን የጀመሩ ሰዎች አሥር ያህል ጌትዌይ፣ ማለትም የብዙ ቦርዶችን መልእክት ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት የሚያስተላልፍ መሣሪያ፣ በየጣሪያው ሰቅለው ከተማዋን ሸፈኑ፤ እዚያ ያለ ጀማሪ አንድ ቦርድ ገዝቶ ለተዘጋጀ ጆሮ ይናገራል። ሰሚት ላይ የተዘጋጀ ጆሮ የለም። የሚናገረውንም የሚሰማውንም ራሳችሁ ታቆማላችሁ። በቦሌ ሆቴሎች አዳራሽ ስለ ስማርት ሲቲ የሚቀርቡትን ንግግሮች ሰምቻለሁ፤ በስክሪኑ ላይ ሁሌም ሰማያዊ ከተማና የሚያብረቀርቁ መስመሮች አሉ። ከአዳራሹ ወጥቶ መጸዳጃ ቤት የገባ ሰው እጁን የሚታጠበው በባልዲ በተቀዳ ውሃ የሚሆንበት ቀን አለ። ጀማሪ ጌትዌዩንም፣ ክላውዱንም፣ ዳሽቦርዱንም ትቶ ሁለት ቦርድ እርስ በርስ «ሰላም» እስኪባባሉ ድረስ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ የተሻለ ይማራል። ስክሪኗ ላይ ቁጥሩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ሲሄድ ማየት ከየትኛውም ሰማያዊ ከተማ ይጥማል።

ከጠረጴዛ በኋላ መንገድ ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ሻጩ 10 ይላል፣ አንዳንዱ 20። በ2019 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ ከሰማይ ፊኛ የተለቀቀ የሎራ መልእክት በ25 ሚሊዋት ብቻ 832 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። በዚያ ስሌት ከቦሌ የተነሳ መልእክት መቀሌ ደርሶ ብዙ ይተርፈዋል። ፊኛው ግን ከፍ ብሎ ሰማይ ላይ ነበር፣ በመካከል ኮንክሪት የለም። እኛ ዘንድ ያለው ደግሞ በብረት የታሰረ ወለል ላይ ወለል ነው፤ ከጣሪያ ተነስቶ ምድር ቤት ያለች የጥበቃ ቤት ለመድረስ ወለሉን ሁሉ መብሳት አለበት። ሰሚት ጣሪያ ላይ ለቆመ ቦርድ ማዶ ያለ የአያት ጣሪያ ከራሱ ደረጃ ሥር ካለች ክፍል ይቀርበዋል። የጥበቃ ቤቱን ተቀባይ በመስኮት በኩል አውጥቶ ግቢው አጥር ላይ መስቀል ብዙ ነገር ይፈታል።

መተያየት ብቻም አይበቃም። ሬዲዮ እንደ ክር ቀጭን ሆኖ አይሄድም፣ መሀል ላይ ይወፍራል። በ868 ሜጋኸርዝ አምስት ኪሎ ሜትር ለሚራራቁ ሁለት ጣሪያዎች መሀል መንገድ ላይ ከመስመሩ ወደየጎኑ 20 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ቢኖር ይመረጣል። በየወሩ አዲስ ፎቅ በሚበቅልበት ከተማ ባለፈው ዓመት ክፍት የነበረው ዘንድሮ ስካፎልዲንግ ለብሶ ይገኛል። ጎሮ በኩል ስወጣ የረር ተራራን እያየሁ የምመኘው ለዚህ ነው። ቦሌ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል፣ የረር 3,100 ገደማ ይደርሳል። እዚያ ጫፍ ላይ ፈቃድ ያለው አንድ ጌትዌይ ቢቆም ብዙውን የምሥራቅ አዲስ አበባ ጣሪያ ቁልቁል ያያል።

ርቀት ለመለካት ከሁሉ የሚመቸኝ የአያት ባቡር ነው። ላኪው አያት ጣሪያ ላይ ይቀራል፣ ተቀባዩ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሐዲዱ ብዙውን መንገድ ክፍት ነው፤ መሪ፣ ሲኤምሲ፣ ቅዱስ ሚካኤል፣ ሲቪል ሰርቪስ፣ ጉርድ ሾላ፣ መገናኛ፤ በየጣቢያው ቁጥር መመዝገብ ነው። ችግሩ የሬዲዮ አይደለም። ሽቦ የወጣለት፣ መብራት ብልጭ የሚልበት፣ ባትሪ የተያያዘበት ነገር ሕዝብ መሀል ይዞ መቆም ጥያቄ ያስነሳል፣ ጠያቂውም አይፈረድበትም። የልጆች የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ መክተት፣ ቁጥሩን በብሉቱዝ ስልክ ላይ ማየት፣ ኤምባሲና ኤርፖርት አጥር አጠገብ ደግሞ ጨርሶ አለመሞከር ነው። ምሳ ዕቃው ብረት ከሆነ ከሲኤምሲ አያልፍም።

መልእክቱ ምን ይሁን? እዚህ ላይ ፊደላችን ይጎዳል። ሎራዋን በሚባለው፣ በሎራ ላይ በተሠራው የኔትወርክ ሥርዓት፣ በአውሮፓው ደንብ በዝግተኛው ደረጃ አንድ መልእክት 51 ባይት ብቻ ይይዛል። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይበቃዋል፤ የኛ አንዱ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይበላል። 51 ለሦስት ሲካፈል 17 ፊደል ነው። «ውሃ የለም» ብቻውን ከነክፍት ቦታው 16 ባይት ይጨርሳል። ሆሄ ለሚወድ ሰው መራር ነው፣ ግን ሮቶ ቅኔ አይቀኝም። ከ0 እስከ 100 ያለ ቁጥር አንዲት ባይት ትበቃዋለች፤ «ሩብ ቀርቷል» የሚለውን አማርኛ ተቀባዩ ራሱ ያወጣዋል። በአፋር በሞተር በሚሠሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ ስዊትሴንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሴንሰሮች ተገጥመው ነበር፤ እነሱም በሳተላይትና በሞባይል ኔትወርክ የሚያወሩት ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ፓምፑ ሠርቷል፣ ፓምፑ ቆሟል። ውሃ የሚጠብቅ ሰው ከዚህ በላይ ዜና አይፈልግም።

የሮቶው ሴንሰር ጥበቃው በቡጢ የሚሠራውን በማይሰማ ድምፅ ይሠራል። ከክዳኑ ሥር ሆኖ ድምፅ ወደ ውሃው ይለቃል፣ ተመልሶ እስኪመጣ ይቆጥራል፤ ውሃው አንድ ሜትር ዝቅ ካለ ስድስት ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ለጀማሪ በሚሸጠው ካርቶን ሁሉ ውስጥ የሚገኘው ባለሁለት ዓይን ሴንሰር ለዚህ አይሆንም፣ የታንከር እርጥበት ይገድለዋል። ባለኬብሉን፣ መኪና የኋላ መከላከያ ላይ የሚገጠመውን የሚመስለውን ነው መያዝ። እሱም ከ20 ሳንቲ ሜትር በታች ያለውን አያይም፤ ውሃ በመጣበት ሌሊት ሮቶው ጢም ሲል የማይሆን ቁጥር ይናገራል።

ባትሪው መገናኛ የስልክ ጥገና ቤቶች ይገኛል፣ ከሞተ ላፕቶፕ ሆድ የሚወጣው ክብ ባትሪ። ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ በየአምራቹ ይገለባበጣል፣ ሳይለኩ መሰካት አይገባም። ኢኤስፒ32 ሲተኛ የሚበላው በማይክሮአምፔር ይለካል፣ ዋይፋይ ሲከፈት ግን ወደ 200 ሚሊአምፔር ይወጣል። ስለዚህ ነቅቶ፣ ለክቶ፣ አንዲት ባይት ልኮ፣ መተኛት። መብራት ቢሄድ፣ ራውተሩ ቢጠፋ ሎራ ግድ የለውም፤ ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ ስለ ሮቶው ማውራቱን ይቀጥላል።

የሚያወራው ግን ለሁሉም ነው። ጥሬ ሎራ ቁልፍ የለውም፤ ያው ቦርድ ያለው ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ሮቶ ሚስጥር የለውም፣ የበር ሴንሰር ግን «ቤት ማንም የለም» ብሎ በሰፈሩ አየር ላይ ማወጅ ነው። ለዚያ የሎራዋን ኢንክሪፕሽን ወይም በራስ የተጻፈ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ጀማሪ ከውሃ ቢጀምር የምልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እኛ ብሎክ ነገሩ መሥራት ሲጀምር የጎን ብሎኮችም ጠየቁ። ሁሉም በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሲናገሩ ተቀባዩ የማን ሮቶ እንደሞላ ስለማይለይ ለያንዳንዱ ቁጥር ተሰጠ፤ የብሎኩ ቁጥር በፊት፣ የውሃው መጠን በኋላ። ሁለት ባይት ሆነ። የሚናገሩበት ደቂቃም ተለያየ፣ እንዳይጋጩ። ይህን ሁሉ በኮሚቴ ስብሰባ ላይ በአማርኛ ማስረዳት ከፕሮግራሙ በላይ ፈጀ። ጥበቃው «ደረጃውን ከተውኩት ደሞዝ ይቀነሳል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፤ ኮሚቴው እንደማይቀነስ አጸደቀ፣ በቃለ ጉባኤም ገባ። ከዚያ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ቦርዱን አገላብጠው አዩና ሌላ ጥያቄ አነሱ፦ የጄኔሬተር መዋጮ ያልከፈለውን ቤት ቁጥርስ መላክ ይችላል ወይ? ይችላል፣ አንድ ባይት ነው አልኳቸው። ከኋላ መቀመጫ ሦስት ሰዎች እኩል ተቃወሙ።